የወይዘሮ ኻሊዳ እንድሪስ የሕይወት ታሪክ፦ ከፀጉራቸው ሥር ስለቀረው ምልክት

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም።

ወይዘሮ ኻሊዳ እንድሪስ ከአባታቸው ከአቶ እንድሪስ ይመርና ከእናታቸው ከወይዘሮ ዘምዘም ሙሔ በደቡብ ወሎ፣ በቃሉ ወረዳ፣ ደጋን ከተማ በጥቅምት ወር 1974 ዓ.ም. ተወለዱ። ለቤታቸው ሁለተኛ ልጅ ናቸው። የመጀመሪያው ዛሬ ድንኳኑ ደጃፍ ቆመው እናንተን የሚቀበሉት ታላቅ ወንድማቸው ሐጂ የሱፍ ሲሆኑ፣ የመጨረሻዋ ይህን የምጽፈው እኔ ሲቲና ነኝ።

በእኛ በወሎ ሙስሊሞች ዘንድ ለሟች ቁርአን ይቀራል፣ ዱዓ ይደረጋል እንጂ የሕይወት ታሪክ አሳትሞ ማደል የቆየ ልማድ አይደለም። ካምፓላ ግን ለቅሶ ቤት መጥቶ ፎቶ ያለበት ወረቀት ሳይዝ የሚመለስ ሰው የለም። እኛም አገሩን መስለን ይኸው አሳተምን። ጽሑፉ አጠር ያለና የሚያምር እንዲሆን ተነግሮኛል። አጠር ለማድረግ ሞክሬአለሁ።

አባታችን በሞቱ ጊዜ ሐጂ የሱፍ ገና ጢም ያላበቀሉ ጎረምሳ ነበሩ። ትምህርታቸውን ትተው ኮምቦልቻ ገበያ ጨርቅ እየነገዱ ሁለታችንን አሳደጉን። ለወይዘሮ ኻሊዳ የመጀመሪያውን የትምህርት ቤት ደንብ ልብስ የገዙላቸው፣ ዒድ በመጣ ቁጥር ሂና ይዘውላቸው የሚገቡት እሳቸው ነበሩ። ይህን የምጽፈው ለማስደሰት ብዬ ሳይሆን እውነት ስለሆነ ነው። ቀጥሎ የምጽፈውንም የምጽፈው እውነት ስለሆነ ነው።

ወይዘሮ ኻሊዳ አንደኛ ደረጃን በደጋን፣ ከዚያም እስከ አሥረኛ ክፍል በኮምቦልቻ ተምረዋል። ሒሳብ ይወዱ ነበር። ከልጅነታቸው ጀምሮ አንድን ነገር ሁለት ጊዜ መናገር የማይወዱ ሰው ነበሩ። አንድ ጊዜ የጎረቤት እንስራ ተሰብሮ ሰባሪዋ አንቺ ነሽ ሲባሉ «እኔ አይደለሁም» አሉ። እናታችን በአርጩሜ ቢገርፏቸውም አልደገሙትም። ሰባሪውን ያውቁት ነበር፤ እሱንም አልተናገሩም። ለእኔ የነገሩኝ እዚህ ካምፓላ፣ ታመው አልጋ ላይ ሳሉ፣ እየሳቁ ነው። «የሱፍ ነበር» አሉኝ።

በ1997 ዓ.ም. ወንድማቸው ኦልድ ካምፓላ የጅምላ ጨርቅ ሱቅ ከፍተው ስለነበር እሳቸውን ወደዚህ አመጧቸው። ሱቁ የባጋንዳ ሴቶች ለሠርግና ለክብር ቀን የሚለብሱትን የጎሜሲ ጨርቅ ይሸጥ ነበር። ወይዘሮ ኻሊዳ ሉጋንዳን ከወንድማቸው ቀድመው ለመዱ። የሙሽራ እናት መጥታ ጨርቅ ስትመርጥ ፊቷን አይተው «ይኼ አይሆንሽም፣ ያጠቁርሻል» የሚሉ፣ የተሻለውን ራሳቸው አውጥተው ትከሻዋ ላይ የሚጥሉ ነጋዴ ነበሩ። ከሙኮኖና ከማሳካ ሳይቀር፣ እመቤት እንደማለት «ኛቦ ኻሊዳ የታለች?» እያሉ የሚመጡ ደንበኞች ነበሯቸው። አንዳንዶቹ ዛሬም ጎሜሲያቸውን ለብሰው ከመካከላችን ተቀምጠዋል፤ አማርኛው ባይገባቸውም እናመሰግናቸዋለን።

የደሴ ልጅ የሆኑትን፣ የወንድማቸውን የሱቅ ሸሪክ አቶ ሙሀነድን በ2000 ዓ.ም. አግብተው ሜንጎ ላይ ጎጆ ወጡ። በ2003 ዓ.ም. ልጃቸው ሂንድ ተወለደች። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ የሰፈሩ ሰው ስማቸውን ትቶ ማማ ሂንድ ይላቸው ጀመር። ልጅቷ ከእጃቸው ከወጣች በኋላም ይህ ስም አልተቀየረም። ካምፓላ አንዴ በልጅሽ ስም ከጠራሽ በዚያው ይጠራሻል።

በ2008 ዓ.ም. አንድ ቀን ከአሥር ሰዓት በኋላ አቶ ሙሀነድ ባለቤታቸውን በቡጢ መትተው የግራ ጉንጫቸውን አጥንት ሰበሩት። ምክንያቱን አልጽፍም፤ እንዲህ ላለ ነገር ምክንያት ስለማይኖረው ነው። ጉንጫቸው ወደ ውስጥ ጎደጎደ፤ አፋቸው አልከፈት አለ፤ አንዱ ነገር ሁለት ሆኖ ይታያቸው ጀመር። ስልክ የደወሉት ለፖሊስ ወይም ለጎረቤት ሳይሆን ለወንድማቸው ነው። አባት የሆነ ወንድም እያለ ለማን ሊደውሉ ኖሯል?

ሐጂ የሱፍ በስፔሻል ሃየር ታክሲ ወዲያው ደረሱ። እህታቸው በሕይወታቸው ለብሰውት የማያውቁትን፣ ፊት የሚሸፍን ኒቃብ ይዘው ነበር የመጡት፤ እሱን አልብሰው ኮሎሎ ወዳለ አንድ የግል ክሊኒክ ወሰዷቸው። መንገድ ላይ የነገሯቸውን እህቴ ቃል በቃል ታስታውሰው ነበር። «አሁን ቦዳ ሞተር ጥሎኝ ነው በይ። ፊትሽ እንደነበረ ይመለስ፣ ከዚያ እኔ ራሴ ሽማግሌ ፊት አቆመዋለሁ። አብሽሪ እህቴ።»

የክሊኒኩ ሐኪም ዶክተር ፈይሳ የሚባሉ፣ ከአገር ተሰደው ካምፓላ የሚሠሩ የፊትና የመንጋጋ ቀዶ ሐኪም ነበሩ። በዚህ ከተማ ቦዳ ቦዳ ሞተር ሳይክል የሰበረውን ጉንጭ ሲያቀኑ የኖሩ ሰው ናቸው። አዩና «ከቦዳ የወደቀ ሰው ፊቱ ይላጣል። የእርስዎ ቆዳ ግን ጭረት እንኳ የለውም» አሏቸው። ወይዘሮ ኻሊዳ አፋቸውን ሳይከፍቱ ሐጂ የሱፍ «በሻሽ ተጠቅልላ ስለነበር ነው ዶክተር» ብለው መለሱ። ቀጥለውም «ምልክት እንዳይኖር አደራ። ሴት ናት፣ ነጋዴ ናት፣ ሰው ፊት ነው የምትውለው» አሉ። እህቴ በዚያች ሰዓት ወንድሟን መርቃለች። አላህ ያክብርህ ብላለች።

ዶክተር ፈይሳ የሚሠሩትን አስረዱ። ከጆሮ ከፍ ብሎ፣ ከፀጉሩ መስመር ወደ ውስጥ ትንሽ ይሰነጠቃል፤ በዚያ በኩል ማንሻ ገብቶ የጎደጎደው አጥንት ከሥር ወደ ላይ ቀና ይደረጋል። ሌላው በአፍ ውስጥ፣ ከላይኛው ከንፈር ሥር ነው፤ እዚያ ደግሞ አጥንቱ ተመልሶ እንዳይወድቅ ጥፍር የምታህል ብረት በብሎን ይታሰራል። «ፊትዎን ምላጭ አይነካውም። ፀጉርዎ ሲያድግ እርስዎም ቦታውን በእጅዎ ካልፈለጉት አያገኙትም» አሏቸው። እንዳሉትም ሆነ። እጃቸው ይባረክ፤ በእሳቸው ላይ ቅሬታ የለኝም። ሥራቸውን አሳምረው ሠርተዋል፤ ያማረው ሥራ ለምን እንደተፈለገ ግን አልተነገራቸውም።

ለሱቁ ሰው ኻሊዳ ለዕቃ ግዢ ናይሮቢ ሄዳለች ተባለ። እሳቸው ግን እዚሁ ኦልድ ካምፓላ፣ መስጊዱ ከሚታይበት ከሐጂ የሱፍ ቤት የጓሮ ክፍል ተኝተው ነበር። ማኘክ ስለማይችሉ ወንድማቸው ማቶኬ የሚባለውን የሙዝ ቅቅል በሾርባ አላልተው በማንኪያ ያጎርሷቸው ነበር። እህቴ ይህን ስታወራልኝ ትለሰልስ ነበር። ከሁሉ ይልቅ ይህን ማንኪያ ነው ይቅር ማለት ያቃተኝ።

ዳኑ። ጉንጫቸው ሞላ፤ ዓይናቸው አንዱን አንድ አድርጎ ያይ ጀመር። የቀረው ነገር የግራ ጉንጫቸው መደንዘዝ ብቻ ነበር፤ በዚያ በኩል ውሃ ቢፈስ አይሰማቸውም። ሁልጊዜ በሻሻቸው ጫፍ ግራ ጉንጫቸውን ይጠርጉ የነበረው ለዚህ ነው። ከእናንተ መካከል ልማድ ነው፣ ኩራት ነው ያላችሁ ነበራችሁ። እንባ ወርዶ እንደሆነ ስለማያውቁ ነበር።

ሽማግሌው ግን አልተጠራም። ወይዘሮ ኻሊዳ ሲጠይቁ «ረመዳን ይለፍ» ተባሉ። ረመዳን አለፈ። «ኮንቴይነሩ ከሞምባሳ ይግባ» ተባሉ። ኮንቴይነሩ ገባ። ላም አለኝ በሰማይ ሆነ ነገሩ። አቶ ሙሀነድ እጃቸውን አልሰበሰቡም፤ ሱቁም የሁለቱ ሸሪኮች እንደሆነ ቀጠለ። በ2010 ዓ.ም. እህቴ ወንድሟን መጠበቅ ተወችና ሽማግሌዎቹን ራሷ ጠራች። የምትፈልገው አንድ ነገር ነበር፤ ተፋትታ ልጇን ይዛ መውጣት።

ሽማግሌዎቹ የተቀመጡት በሐጂ የሱፍ ሳሎን ነው። የመሩት ሼህ ዓሊ ናቸው። ወይዘሮ ኻሊዳ ከመጋረጃው ወዲያ ሆነው ጉንጫቸው መሰበሩን፣ ኮሎሎ መታከማቸውን አንድ በአንድ ተናገሩ። አቶ ሙሀነድ «በየቀኑ የምታዩት ፊት ነው፤ የተሰበረ ነገር ካያችሁ ፍረዱብኝ» አሉ። ሼህ ዓሊም «ልጄ፣ ሱቅ ስንገባ ስንወጣ እናይሻለን። ፊትሽ ሙሉ ነው» አሏቸው። ወይዘሮ ኻሊዳ ምልክቱ ከፀጉራቸው ሥር እንዳለ፣ ካላመኑም ክሊኒኩን እንዲጠይቁ ነገሯቸው። የቤት ገመና ሆስፒታል አይወጣም ተባለ።

እንግዲህ ፀጉሩን ማን ይይ? ሽማግሌዎቹ ባዕድ ወንዶች ናቸው፤ የሴት ልጅ ራስ ገልጠው ሊያዩ አይችሉም። አንዲት ሴት ጎረቤት ቢጠሩ ኖሮ ነገሩ ባለቀ ነበር። ግን ከመካከላቸው ሊያይ የሚፈቀድለት ሰው ተቀምጧል፤ ወንድም ነው፣ ሐጂ ነው፣ የቤቱም ጌታ ነው። ሼህ ዓሊ «የሱፍ፣ ግባና እይ። አንተ ካየኸው ይበቃናል» አሉ።

ሐጂ የሱፍ መጋረጃውን ገልጠው ገቡ። እህቴ ምንጣፉ ላይ ተቀምጣ ሻሿን አውልቃ ነበር። ፀጉሯን በራሷ እጅ ከፍላ፣ ቦታውን በጣቷ አሳየቻቸው። ጎንበስ ብለው አዩ። ትንፋሻቸው አናቷ ላይ ይሰማት እንደነበር ነግራኛለች። ከዚያ ሻሿን ከምንጣፉ አንስተው፣ በገዛ እጃቸው መልሰው አለበሷት። «ሻሼን ሲያለብሰኝ ያዘነልኝ መስሎኝ ነበር» ትለኝ ነበር። ወደ ሳሎኑ ተመለሱና «ምንም የለም» አሉ።

ወይዘሮ ኻሊዳ ከመጋረጃው ወዲያ ሰሙት። አልጮኹም። ዳግመኛ እዩልኝም አላሉም። አንድ ጊዜ ተናግረው ነበር።

ሽማግሌዎቹ ባሏን በሐሰት የከሰሰች ሴት ብለው ፈረዱባቸው። ፍቺውን ከፈለጉ ጥሎሻቸውንም ልጃቸውንም ትተው እንዲወጡ ተነገራቸው። ወጡ። ሂንድ ሰባት ዓመቷ ነበር፤ ሜንጎ ከአባቷ ጋር ቀረች። ከሜንጎ እስከ ኦልድ ካምፓላ በቦዳ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። በዚያች አጭር መንገድ ማዶ አንዲት ልጅ «እናትሽ አባትሽ ላይ የዋሸች ናት» እየተባለች አደገች። በዒድ ቀን ስትመጣ ፊቷን አጨፍግጋ፣ ጫማዋን ሳታወልቅ በር ላይ ቆማ፣ የእናቷን እጅ ስማ ትመለስ ነበር። ሽማግሌዎቻችን ይህን አላወቁም አልልም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው።

እኔ በ2011 ዓ.ም. ካምፓላ ስመጣ ወይዘሮ ኻሊዳ ከወንድማቸው ሱቅ ወጥተው፣ ዳገቱ ሥር በአንዲት ጠባብ ክፍል የራሳቸውን የጨርቅ ሥራ ጀምረው ነበር። የድሮ ደንበኞቻቸው ፈልገው አገኟቸው። ሐጂ የሱፍ በየዒዱ የበግ ሙክት ይልኩላቸዋል። እሳቸው በጉን አሳርደው ለሰፈሩ ያድሉና አንዲት ሥጋ ሳይቀምሱ ይውላሉ። ወንድማቸውን መንገድ ላይ ሲያገኟቸው ሰላም ይሏቸዋል። አንድም ቀን አልተጣሉም፤ አንድም ቀን ግን አብረው አልበሉም።

ያን ምልክት እኔ ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ፤ ፀጉራቸውን የምሠራው እኔ ነበርኩ። ነጭ፣ ቀጭን፣ የጣት አንጓ የሚያህል ነው። «ለሂንድ አሳዪያት፤ ልጅሽ ናት፤ ማን ይከለክልሻል?» ብዬ ለመንኳት፣ ተቆጣሁ፣ አለቀስኩ። መልሷ አንድ ነበር። «ልጄ በጣቷ ዳብሳ እንድታምነኝ አልፈልግም። የእናቷን ቃል ካመነች ታምናለች። ካላመነች ራሴን ገልጬ አልለምናትም።» ትክክል ነበረች ወይስ አልነበረችም፣ እስከ ዛሬ አልወሰንኩም። ግትር ነበረች። ግትርነቷን ከሕይወት ታሪኳ ላወጣው አልችልም።

በ2017 ዓ.ም. የጉበት ሕመም ያዛቸው። በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም. ማክሰኞ ከዙህር ሶላት በኋላ በተወለዱ በአርባ አራት ዓመታቸው ወደ አኼራ ሄደዋል። ኢንና ሊላሂ ወኢንና ኢለይሂ ራጂዑን። ሂንድ በመጨረሻዋ ሳምንት በየቀኑ ከትምህርት ቤት ስትለቀቅ መጥታ ከአልጋው ግርጌ ትቀመጥ ነበር። ስለዚያ ጉዳይ እናትም አልተናገሩ፣ ልጅም አልጠየቀች።

ሬሳቸውን ያጠብነው ሦስት ነን፤ እኔ፣ ልጃቸው ሂንድ፣ በማኅበራችን የሴቶችን ሬሳ የሚያጥቡት ወይዘሮ ዛሂዳ። ወይዘሮ ዛሂዳ የሼህ ዓሊ ባለቤት ናቸው። በሸሪዓችን የሴት ሬሳ ሲታጠብ ፀጉሯ ይፈታል፣ ይታጠባል፣ በሦስት ተጎንጉኖ ወደ ኋላ ይጣላል። አንዱን ወይዘሮ ዛሂዳ ያዙ፣ አንዱን እኔ ያዝኩ፣ የግራው ለሂንድ ደረሳት። እኔ አልመራኋትም፤ የቆመችው በዚያ በኩል ስለነበር ነው።

የሂንድ እጅ ቆመ። ፀጉሩን በጣቷ ከፈል አደረገችና አየች። «አክስቴ፣ ይኼ ምንድን ነው?» አለች። እናቷ እንዳልነግራት ከልክላኛለች። ወይዘሮ ዛሂዳም ጎንበስ ብለው አዩ፤ ብዙ ቆዩ፤ ከዚያ ውሃ የያዙበትን ጣሳ መሬት አስቀመጡ። በዚያ ክፍል ውስጥ ያልገባት ሰው አልነበረችም። ሂንድ የጀመረችውን ጉንጉን ፈታችው። እንዳይስባቸው ብላ ላላ አድርጋ እንደገና ጎነጎነችው። ጉድና ጅራት ወደ ኋላ ነው ይባላል፤ ለእህቴ ግን በጣም ወደ ኋላ ሆነባት።

ሬሳ አጣቢ ያየችውን መሸፈን እንዳለባት አውቃለሁ። ስለዚህ ይህን ልጻፍ ወይስ ልተው ብዬ ወይዘሮ ዛሂዳን ጠየቅኋቸው። «የሟች ነውር ይሸፈናል። ይህ የሟቿ ነውር አይደለም፤ ጻፊው» አሉኝ። ለባለቤታቸው ምን እንዳሏቸው አላውቅም። ሼህ ዓሊ ትናንት ለዱዓ ሲቀመጡ ድምፃቸው አልወጣ ብሏቸው ሌላ ሰው እንደጨረሰው ግን ሁላችሁም ሰምታችኋል።

ወይዘሮ ኻሊዳ ልጃቸውን ሂንድ ሙሀነድን፣ ወንድማቸውን ሐጂ የሱፍ እንድሪስንና እህታቸውን ሲቲና እንድሪስን ትተው አልፈዋል። ሂንድ ከቀብሩ ቀን ጀምሮ ሜንጎ አልተመለሰችም፤ በእናቷ አልጋ ላይ ነው የምትተኛው። ያስታመማችሁልንን፣ የቀበራችሁልንን፣ ከጂንጃና ከማሳካ ድረስ የመጣችሁልንን ሁሉ አላህ ምንዳችሁን ይክፈላችሁ።

ይህ ወረቀት ማተሚያ ቤት ከመሄዱ በፊት ለሐጂ የሱፍ ይዤላቸው ገብቼ ነበር። ዓይናቸው በለቅሶ አብጧል፤ ማዘናቸው ውሸት አይደለም። እጃቸውን ወዝውዘው መለሱልኝ። «ማንበቡን አልችልም። አንቺ ካየሽው ይበቃናል» አሉኝ። አይቼዋለሁ።

ያ ረብ፣ ቀብራቸውን አስፋላቸው፣ ብርሃን አድርግላቸው። ፊቶች በሚበሩበትና በሚጠቁሩበት በዚያ ቀን፣ ያንን የተሰበረውን ጉንጫቸውን ከሁሉ በፊት አብራላቸው። ሲወርድ ያልተሰማቸውን እንባ አንተ ቆጥረኸዋልና አትርሳባቸው። አሚን።

በልማዳችን ቤተሰብ ተነስቶ «ሟች የበደሏችሁ ካለ አፉ በሏቸው፣ ይቅር በሏቸው» ይላል። እኔም እላለሁ፤ ወይዘሮ ኻሊዳ የበደሏችሁ ካለ ለአላህ ብላችሁ አፉ በሏቸው። እሳቸውን የበደለ ደግሞ አፉታ የሚጠይቀው ከወራሻቸው ነው። ሂንድ ከመጋረጃው ወዲያ ከሴቶች ጋር ተቀምጣለች። ወንድም የላትም፤ ገብቶ አይቶ የሚመጣላችሁ ሰው ዛሬ የለም። የሚፈልግ ሰው መጋረጃው ድረስ ራሱ ይምጣና በራሱ አንደበት ይጠይቃት።